ከእማዬ ቁም ሳጥን ያልተወሰደ ልብስ

ጥር 9 ቀን

ለእህቴ፣ ለትንሿ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽን፣ የስፌት መኪናሽን፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ብቻ ነው ፋታ የሚነሳኝ፣ እሱም የጤና ነው።

አሁን ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። በሰኔ ጠቅልዬ እመጣለሁ! አሥራ አራት ዓመት ይበቃል። የማርፈው እማዬ ክፍል ነው። ስለዚህ ያንን ቁም ሳጥን ከወዲሁ አጽጂልኝ። እኔ ስሄድ በሩ በገመድ ካልታሰረ አይዘጋም ነበር፣ ዛሬም እንደዚያው እንደሆነ አልጠራጠርም። ለሁለት ሻንጣ ልብስ የሚሆን ቦታ ይበቃኛል።

አሠራሩን ከእኔ ስሚ፣ እንጀራዬ ነው። በምሠራበት የሰልባጅ መጋዘን በቀን የተራራ ያህል ልብስ ይገባል፣ እኔም ኃላፊ ስለሆንኩ የሚያልፈውና የሚወድቀው በእኔ ቃል ነው። መጀመሪያ ሁሉንም አውጪና አልጋው ላይ ዘርግፊው። ከዚያ ሦስት ክምር አድርጊ፤ የሚቀመጥ፣ የሚሰጥ፣ የሚጣል። አራተኛ ክምር የለም። «ይሄ እኮ ትዝታ አለው» እያልሽ አንድ በአንድ እያሸተትሽ ከተቀመጥሽ አለቀልሽ። ሕጉ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ያልነካው ልብስ ይወጣል።

ስለ ቀብሩ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። ሥራ አልለቀቀኝም። ሌላ ምን እልሻለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 12 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታህ ደርሶኛል። የስፌት መኪናዋንም ጠይቄልሃለሁ፤ መርፌ ትሰብራለች እንጂ ደህና ናት። እኔን ከጠየቅክ አልጋ አልያዝኩም፣ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን።

ሥራ አልለቀቀኝም አልክ። ይሁን። ሬሳዋን ጎረቤት ተሸከመ። «ልጇ የት አለ?» እያሉ ሲጠይቁኝ «መንገድ ላይ ነው» አልኳቸው። ይኸው አራት ወር ሙሉ መንገድ ላይ ነህ። አሁን ደግሞ ከመንገድ ላይ ሆነህ ቁም ሳጥን ታስጸዳኛለህ። እሰይ ኃላፊ!

ለማንኛውም ታዝዣለሁ። ገመዱን ፈትቼ ሁሉንም አልጋው ላይ ዘረገፍኩ። የእማዬ ልብስ መስሎህ ከሆነ ግን ተሳስተሃል። የእሷ ሁለት ቀሚስና ክርኑ የተጣፈ አንድ ካፖርት ብቻ ነው። የሌላ ሰው ልብስ ስትሰፋ ኖራ የራሷ መስቀያ ሦስት ሆኖ ሞተች። የቀረው ሁሉ ሰዎች አሰፍተው ሳይወስዱት የቀረ ነው። ሃያ አራት ቆጠርኩ፤ ኮቱ፣ ሱሪው፣ የልጅ ካፖርቱ፣ አንድ የሙሽራ ቀሚስ ሳይቀር።

አሠራሯን ረስተኸው ይሆናልና ላስታውስህ። ሰው ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ስሙንና ልኩን በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቴ ትጽፍና መሃል ለመሃል ትቀደዋለች። ግማሹ ለባለቤቱ፣ ግማሹ በመርፌ ቁልፍ ልብሱ ላይ። ግድግዳው ላይም ያው እንዳንጠለጠለችው አለ፤ «ያለ ወረቀት ልብስ አይሰጥም»። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድሟን ያለ ወረቀት መጣህ ብላ በግልገል ሱሪ አልመለሰችውም? ያን ቀን እንደሳቅክ ሌላ ጊዜ ስቀህ አታውቅም።

እና ጋሼ፣ ያንተ ሕግ መጋዘንህ ይሠራ ይሆናል፣ እዚህ ግን አይሠራም። አልጋ ላይ ወድቃ እንኳን ቁም ሳጥኑን ክፈቺልኝ እያለች በዓይኗ ትቆጥረው ነበር። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። እኔ አልጥልም። ባለቤቶቹን ፈልጌ እመልሳለሁ። አንተ ግን አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። በሰኔ እውነት ትመጣለህ?

እህትህ


መጋቢት 28 ቀን

ለእህቴ፣

ቤቱ ሰላም ይዋል። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሥራ በዝቶብኝ መልሱ ዘገየ፣ አትቀየሚኝ።

እመጣለሁ ካልኩ እመጣለሁ። የሰውን ልብስ እየተሸከምሽ ቤት ለቤት መዞርሽ ግን አልገባኝም። ዘጠኝ ዓመት ያልመጣ ሰው ዛሬ ልብሱን ብትሰጪው ያውቀዋል? ሰው ይለወጣል፣ ልብስ አብሮት አይለወጥም። እኔ ይኸን በየቀኑ አየዋለሁ።

ለእማዬ በየዓመቱ ፎቶ የምልክበት ጊዜ ደረሰና ለማን እንደምልከው ግራ ገባኝ። ለአንቺ ላክሁት። እንዳየሽው ወፍሬያለሁ። ሽቦ እያላችሁ ስትስቁብኝ ያደግኩት ሰውዬ እነሆ!

ወንድምሽ


ግንቦት 1 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? ፎቶህ ደርሷል። ጎረቤት ሁሉ አየና «አቤት ትከሻ! በር አይበቃውም» አለ። እኔም ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ተናደድኩ። እማዬ የመጨረሻውን ወር ሾርባ በማንኪያ ሳጠጣት ከእኔም ከእሷም የከሳው ማን እንደነበር እንጃ፣ አንተ ለካ እዚያ ትወፍር ነበር።

ቁም ሳጥኑን ልንገርህ። ሃያ ሦስቱን መልሻለሁ። ስድስቱ ሞተዋል፣ ለልጆቻቸው ሰጠሁ። የሂሳብ መምህሩን ታስታውሰዋለህ፣ በጠመኔ ይወረውርህ የነበረውን። ጡረታ ወጥቷል። ሱሪውን ይዤ በሩን ሳንኳኳ ምንም ሳይገርመው ቦርሳውን ከፍቶ የዘጠኝ ዓመት ወረቀት አወጣና «ገና አሁን ደረሰ?» አለኝ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው እሱን ነው። ሱሪው ግን ጉልበቱ ላይ ቀረ። የሙሽራ ቀሚስ ያሰፋችዋ ደግሞ ሰርጓ ከተሰረዘ ሰባት ዓመት ሆኗታል። «ጣይው» ትለኛለች ብዬ ስፈራ፣ እጅጌውን አሳጥሪልኝ፣ ሥራ እለብሰዋለሁ አለችኝ። ሰው ጉድ ነው።

አሁን የቀረው አንድ ነው። እሱም ያንተ።

ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀርህ የለካችልህ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ። ሳይደርስ ሄድክ። የወረቀቱ ሁለቱም ግማሾች እንደተሰኩበት ናቸው። አንተ ፎቶ ላክልኝ፣ ከእግር እስከ ራስ ይሁን እያለች ስትጨቀጭቅህ ለናፍቆት ብቻ መስሎህ ነበር? ለልክ ነው። ስትሄድ መዳፍህን ከአንጓህ እስከ መሃል ጣትህ ጫፍ ለክታ ጽፋዋለች። «ሰው ይወፍራል፣ ይከሳል፣ መዳፉ ግን ያው ነው» ትላለች። ፎቶህ ሲመጣ መዳፍህን በክር ትለካና ትከሻህ ስንት መዳፍ፣ ወገብህ ስንት መዳፍ እንደሆነ ትቆጥራለች። ከዚያ ልብሱን ከሽፋኑ አውጥታ ትፈታዋለች፣ ታሰፋዋለች። «ወፈረልኝ፣ ጎሽ!» እያለች በየዓመቱ። እኔ እንድነካው አልፈቀደችም። ልብስ ስፌት ያስተማረችኝን ልጇን፣ ካንተ ኮት የምታርቀኝ እንደ ሌባ ነበር።

እና ምን ላድርገው? ቁም ሳጥኑ ባዶ ነው፣ እሱ ብቻ ተሰቅሏል። ና ውሰድ። ሰኔ ደርሷል።

እህትህ


ሐምሌ 6 ቀን

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሰኔ እንዳለፈ አውቃለሁ። አልተመቸኝም፣ አልመጣም። መቼ እንደምመጣም አላውቅም። አትጠይቂኝ።

ስለ ልብሱ ሕጉን ነግሬሻለሁ። ዓመት ያለፈው ይወጣል። የእኔም ቢሆን ይወጣል። የእኔ ስለሆነ አታስቀምጪው። ለሚሆነው ሰው ስጪው።

ወንድምሽ


ሐምሌ 27 ቀን

ይድረስ ለኃላፊው፣

ሰላምታ ከሰጠኸኝ ላይ ቆርሼ መልሼልሃለሁ።

እንዳዘዝከኝ አደረግኩ። ልብስህን ለሥጋ ሻጩ ሰጠሁት። ታውቀዋለህ፣ ማዕዘኑ ላይ ያለው፣ ሲስቅ ሚዛኑ የሚወዛወዘው። ሴት ልጁ ልትመረቅ ነው፣ የሚሆነው ኮት አጥቶ ሲንከራተት ከረመ። ከነሽፋኑ አንስቼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት። ሲለብሰው ልክክ አለ! በልኩ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ሚስቱ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።

እናታችን ዓይኗን ያፈሰሰችበትን ልብስ «ለሚሆነው ሰው ስጪው» ያልክ ጊዜ ከሆዴ ቆርጠህ ወጣህ። ክፍሉንም አጥቤዋለሁ፣ በሩንም ቆልፌዋለሁ። ሁለቱ ሻንጣህ እዚያው በወፈርክበት ይቅር።

እህትህ፣ ወይም የነበረችው


ጳጉሜ 2 ቀን

ጋሼ፣

መልስህን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው። ሰላምታው ይቆየን። 

ሥጋ ሻጩ ትናንት መጣ። ልብስህን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞታል፣ ፊቱ እንደ ሥጋው ቀልቷል። ምረቃው ላይ ልጁን ሊስም ጎንበስ ሲል ጀርባው ተፈታ። ሲደነግጥ ጎኑ ተፈታ። ቀና ሲል ሱሪው ተከተለ። «የእናትሽ ስፌት እንዲህ አልነበረም፣ ምን ነካት?» አለኝ። ሰውዬው አፍሮ ተቆጥቷል፣ እኔ ግን ሳቄ መጣ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም።

እሱ ከሄደ በኋላ ገበሩን ገልብጬ አየሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍቼ፣ በንዴት ያንን ልብስ አንዴ እንኳን ሳልገለብጠው ነው የሰጠሁት። ጋሼ፣ ስፌቱ ስፌት አይደለም። ለሙከራ የምንይዘው ሰፋፊ የእጅ ስፌት ነው፣ አንድ ክር ስትስብ ሁሉም የሚለቅ። በየዓመቱ «ወፈረልኝ» እያለች ዓይኔ እያየ ያሰፋችው፣ በዚያ ክር ነው። ከሥር ግን በጠመኔ ሌላ መስመር ተሰምሯል። ጠባብ። በጣም ጠባብ። ደረት ኪሱ ውስጥም፣ ገበሩ ላይ የተያያዘ ወረቀት አገኘሁ። በእርሳስ፣ በእሷ እጅ፣ ለመጨረሻዎቹ አራት ፎቶዎች አራት መስመር። እንዳለ ልገልብጥልህ፤

«ሹራብ ደርቧል። ትከሻው የሱ አይደለም። ወገብ 82።

የአባቱ ሰዓት ማሰሪያ አንድ ቀዳዳ ጠብቋል። ወገብ 78።

ሁለት ቀዳዳ። አንጓው አጥንት ነው። ወገብ 75።

ሰዓቱን እጅጌው ሥር ከቶታል፣ እንዳላይ ነው። ወገብ 72። ሲመጣ ክሩን ሳቢው።»

ሳቢው። እኔን ነው። ለእኔ የጻፈችው ነው። በአፏ ግን አንዲት ቀን ትንፍሽ አላለችም። እኔ እግሯን እያጠብኩ፣ እኔ እያገላበጥኳት፣ ያንተን መክሳት ከእኔ ሸሽጋ ይዛው ሞተች። ጎረቤት ፎቶህን እያየ ሲያደንቅ ከሁሉ በላይ የምታደንቀው እሷ ነበረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እዚህ ቤት ውስጥ ባዳዋ እኔ ነበርኩ። አንተ ለእሷ ዋሸህ፣ እሷ ለእኔ ዋሸች፣ እኔ ለቀብርተኛው ዋሸሁ። ጥሩ ቤተሰብ ነን።

የመጋቢቱን ፎቶ አውጥቼ አየሁት። ሁለቱንም እጅህን ኪስህ ከተሃል።

ስለዚህ ፎቶ አልፈልግም። ኃላፊ ነኝ የሚል ወሬም አልፈልግም። አንድ ሰው ሜትር ይያዝልህና ልክህን ጽፈህ ላክልኝ። እውነተኛውን። ሹራብህን አውልቀህ።


ኅዳር 3 ቀን

ለእህቴ፣ ለትንሿ፣

በደብዳቤ መጀመሪያ ላይ ደህና ነኝ ማለት ለምጄ እጄ ራሱ ሊጽፈው ነበር። ደህና አይደለሁም።

ሳንባዬ ነው። አምስተኛ ዓመቱ። የመጋዘኑ አቧራ ነው ይላሉ። ኃላፊም ሆኜ አላውቅም። ክምሩ ሥር ቆመው ከሚለዩት አንዱ ነበርኩ፣ እሱንም ካቆምኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሹራቦቹ ከክምሩ የወሰድኳቸው ናቸው። ፎቶ ስነሳ ሦስት እደርብና ኮት እለብስበታለሁ፣ ላቤ ይንጠፈጠፋል። አንድ ጊዜ ፎቶ አንሺው «ጌታዬ፣ በዚህ ሙቀት?» አለኝ። እናቴ ብርድ ትፈራልኛለች አልኩት።

የሞቷ ቴሌግራም የደረሰኝ ሐኪም ቤት ተኝቼ ነው። አፌ ላይ ቱቦ ነበር። ነርሷ ታንብብልህ አሉኝ፣ ቋንቋውን ስለማታውቅ ፊደሉን በዓይኔ ፊት ይዛልኝ ቆመች። ያንን ልጽፍልሽ አልቻልኩም። ሥራ አልለቀቀኝም ብል ትሰድቢኛለሽ፣ መሰደብ ደግሞ ከመታዘን ይሻለኛል ብዬ ነው። ሰደብሽኝ። ተመስገን።

በሰኔ ልመጣ የነበረው ልሞት ነው። በእማዬ ክፍል፣ በአገሬ አየር። ቁም ሳጥኑን ያልኩሽም ለሻንጣ አልነበረም፣ ሻንጣ የለኝም። የሰው ልብስ ሞልቶበት የምሞትበትን ክፍል ሳስበው መጋዘኑ መጣብኝ፣ እሱ ነው። ያው ሐኪሙ ከለከለኝ። ትንሽ ሥጋ ሳታወጣ ለመንገድ አልፈቅድልህም አለኝ። አሁንም እንደዚያው ይላል።

ልብሱን ስጪው ያልኩሽ፣ አንቺ ሰቅለሽው እኔ ሳልመጣ ስቀር በየቀኑ እንዳታዪው ነው። እንዲህ አሰብኩ። አስተሳሰቤ እንኳን ከስቷል መሰለኝ።

እማዬ ታውቅ ነበር በይኝ? አራት ዓመት ሙሉ? እያንዳንዱን ፎቶ ከመላኬ በፊት «ታምነኝ ይሆን?» እያልኩ ሳላስበው አድሬ አላውቅም።

ልኩ ይኸው። ሜትሩን የያዘችልኝ ያችው ነርስ ናት። «ምን ሊሰፋልህ ነው?» አለችኝ። ሙሉ ልብስ ስላት ሜትሩን ቀስ ብላ ጠቀለለች፣ ምን እንዳሰበች ገብቶኛል።

ትከሻ 41። ደረት 83። ወገብ 68። የሱሪ ቁመት 104፤ እሱ ብቻ እንደነበረ ነው።

ሽቦ


ኅዳር 26 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለሽቦ፣

ልክህ ደርሶኛል። ደብዳቤህን መኪናዋ ላይ ተደፍቼ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ተነስቼ ቤት ጠረግኩ፣ የተጠረገውን ደግሜ ጠረግኩ።

ይቅር ብላኛለች ብለህ እንዳትተኛ። አላልኩም። አንተ መሰደብ ከመታዘን ይሻለኛል ብለህ መረጥክ፤ እኔን ማን አስመረጠኝ? ወንድሜን በሕይወቱ የምረግም ክፉ ሴት አድርጋችሁ አስቀመጣችሁኝ፣ አንተም እሷም። ብታሳውቁኝ አብሬ እፈራ ነበር። አብሮ መፍራት እንኳን ተነፈገኝ። ለዚህ ይቅርታ ካለኝ እግዜር ያውቃል፣ እስካሁን አላገኘሁትም።

አዎ፣ ታውቅ ነበር። ስታውቅ ደግሞ በአራት ሴንቲ ብቻ ነው የሳተችህ። ቤት ስትወጣ ወገብህ ሰባ ነበር፣ ወረቀቱ ላይ አለ። ሰባ ሁለት ብላ ገመተችህ። አንተ ስድሳ ስምንት ነህ። እናት እንኳን ልጇ እዚያ ድረስ ይወርዳል ብላ አላሰበችም።

ልብሱን አበጅቼዋለሁ። የሥጋ ሻጩን ላብ አጥቤ፣ የእጅ ስፌቱን ክር እንዳለችው ስቤ ጣልኩት። አንድ ጊዜ ሳብ ሳደርገው ሁሉም ለቀቀ። ከዚያ በጠመኔዋ መስመር ላይ በመኪና ሰፋሁት፣ በማይፈታው ስፌት። ተኮስኩት። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ብቻውን ተሰቅሏል። በሩ ያለ ገመድ ይዘጋል፣ ድምፁ ሳይቀር አዲስ ሆኖብኛል። ክፍሉን ከፍቼዋለሁ፣ ቁልፉን ከበሩ ላይ አላነሳውም።

ግን ስማኝ፣ የሰፋሁት በእሷ ልክ ነው። ሰባ ሁለት። ባንተ ልክ አላጠበውም። አራቱን ሴንቲ አንተ ሙላ። ሾርባ ጠጣ፣ ሐኪሙን ስማ፣ እንደ ልጅነትህ ሳህን ሥር አትደብቅ። ደግሞ ሕግህን አልረሳሁትም፤ ባለቤቱ ዓመት ያልነካው ልብስ ይወጣል ብለሃል። ይኸው ዛሬ ቀኑን ጽፌ ሰክቼበታለሁ። ዓመት እጠብቃለሁ። ዓመቱ ሲሞላ ምን እንደማደርግ አትጠይቀኝ፣ እኔም አላውቅም።

የወረቀቱን ግማሽ እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አስገብቼልሃለሁ። አሥራ አራት ዓመት የኖረ ነው፣ ጠርዙ ይበጣጠሳልና በጥንቃቄ ያዘው። ስምህ፣ ልክህ፣ ሁሉም በእጇ ነው። የሚወሰድበት ቀን የሚለው ላይ ብቻ ምንም አልጻፈችም። ስትመጣ ይዘኸው ና። ወንድሜ ነህ ብዬ አላሳልፍህም፣ ሕጓን ታውቃለህ። ያለ ወረቀት ልብስ አይሰጥም።

እህትህ፣ ትንሿ